ጭልፋ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ከእንግሊዝኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱን በመንገድ አቁመን ስለ ፓሲቭ ቮይስ አገባብ እንዲያስረዳን ብንለምነው ሳይደናቀፍ ያስረዳናል። ጭልፋ፥ ገለባና ደጃፍ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ ብንጠይቀው ግን ጣራ ጣራ ያያል።

ይህ ስንፍና አይደለም። ከግሽ ዓባይ ወይም ከቡሬ ገጠር የመጣ ወንድማችን እንግሊዝኛን ያገኘው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ቋንቋው ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፥ ከሁለተኛ ደረጃ አንሥቶም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። እንግዲህ ተማሪው እዚህ ሲደርስ ከእንግሊዝኛ ጋር 12 ዓመት አብሮ ኖሯል ማለት ነው። ኖረዋል እንጂ አልተነጋገሩም።

የዕለት ንግግር ደግሞ ቃል በቃል አይመለስም። እኛ «እንዴት አደርህ» ብለን ስለ ሌሊቱ እንጠይቃለን፤ እንግሊዙ «ጉድ ሞርኒንግ» ሲል የሚጠይቀው ነገር የለም። ሰው ሲሰናከል «እኔን!» እንላለን፤ ይህን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ያዞረ ሰው «ሚ!» ብሎ ሊቀር ነው። ፑት፥ አፕ፥ ዊዝ የሚባሉትን ሦስት ቃላት ተማሪው ገና በሕፃንነቱ ያውቃቸዋል፤ ሲገጣጠሙ «መታገሥ» መሆናቸውን ግን የሚነግረው የለም። ከሁሉ የሚከብደው የአክብሮት ነገር ነው። እኛ ታላቅን «እርስዎ» በማለትና በግሡ መጨረሻ እናከብራለን። እንግሊዝኛ ለታላቅም ለታናሽም አንድ «ዩ» ብቻ ስላለው፥ አክብሮቱን «ኩድ ዩ»ንና «ፕሊዝ»ን በመሳሰሉት ላይ አኑሮታል። ስለዚህ «ጊቭ ሚ ዘ ቡክ» ያለ የጎጃም ልጅ በልቡ ትሑት ሆኖ ሳለ በሰሚው ጆሮ ባለጌ ይመስላል።

ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ወደየአውራጃው ሲመጡ አንዳንድ ተማሪዎች ይህን ከባለቤቶቹ አፍ ለመስማት ዕድል አግኝተው ነበር። እኛ ግን ፈረንጅ እስኪመጣ የምንጠብቅበት ምክንያት የለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የዋሸራ ወይም የጎንጅ ቅኔ ቤት ተማሪ ግዕዝን ከእናቱ አልሰማውም፤ ጨውም አይገዛበትም። ሆኖም ግሡን ካጠና በኋላ አዲስ ቅኔ እየተቀኘ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የትናንቱን ይዞ ቢመጣ ማን ይቀበለዋል? እኛ ግን ሌላ ሰው በጻፈው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባዶ ቦታ ስንሞላ ኖርን።

ሳቁም አለ። አንዱ ለመናገር ሞክሮ ሲሳሳት ከኋላ ወንበር ሳቅ ይነሣል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ልጅ እስከ ምረቃው ዝም ይላል። የሚጎዱት ይበልጡን የገጠር ልጆችና እኅቶቻችን ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ነገ በሰከላ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ እንግሊዝኛ አስተማሪዎች ይሆናሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ጦርነቱም ሌላውም ምክንያት አለበት፤ ነገር ግን ጥያቄውን በቅጡ ያልተረዳ ተማሪ መልሱን ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ማኅበራችን በሳምንት አንድ ሰዓት የመነጋገሪያ ጊዜ እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን። መጽሐፍ አይያዝ። እያንዳንዱ ከእናቱ ቤት አምስት ዕቃ አስቦ ይምጣ። ሞፈርና ምጣድ በአንድ ቃል ባይገኙ ምን እንደሚሠሩ በእንግሊዝኛ ያስረዳ፤ እንዲያውም ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። የሚስቅ ሰው ቢኖር ቀጣዩን ዕቃ እርሱ ያስረዳ። መምህራንም ቢመጡ ደስ ይለናል፤ የማርክ መዝገባቸውን ግን ቢሮ ይተዉልን።