የፒክአፑ ወገብ

መቱ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዝናብ የማይለየው የቡና አገር ነው። ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ወደ ገጠር ከታጠፋችሁ ግን ርቀት የሚለካው በጭቃ ነው። እዚያ ጭቃ ውስጥ የቡና ጆንያውንም፣ ምጥ የያዛትንም፣ ሙሽራውንም የሚያመላልሰው አሮጌ ፒክአፕ ነው። ቶሎ የሚከዳው ደግሞ ወገቡ፣ የኋላ አክስሉ።

ጠብ ያለን ከተሰበረው ዘንግ ብየዳ ጋር ነው። ያ ዘንግ በእሳት ታክሞ የጠነከረ ብረት ነው፤ የብየዳው ሙቀት ጥንካሬውን ይገድለዋል። እንደ ሃይሉክስ ባሉት ላይ ደግሞ ይኸው ዘንግ ጎማውን ከማሽከርከር አልፎ ጭነቱንም ይሸከማል። ሲሰበር ጎማው ይዞት ሊወጣ ይችላል። ከላይ ስንት ሰው እንደተሳፈረ እናንተው ቁጠሩ።

የላንድክሩዘር 70 ፒክአፕ አክስል ሌላ ነው። ክብደቱን በሁለት ኩሽኔታ አማካይነት የሚሸከመው የአክስሉ ቱቦ ነው፤ ዘንጉ ማሽከርከር ብቻ ነው ሥራው። ቢሰበር እንኳ ጎማው ቦታው ላይ ይቆያል። እሱን ለመግጠም የባሌስትራ መቀመጫውን በልኩ መሥራት፣ ካርዳኑን ማስተካከልና ሚዛኑን ማስጠበቅ ያስፈልጋል። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ጥርስ ምጥጥን ካልተመሳሰለ ደግሞ ፎር ዊል ስታስገቡ ሁለቱ ይታገላሉ።

ውድ ነው፣ አዎ። አቅም ከሌለ ከሶማሌ ተራ ያልተበየደ ዘንግ ፈልጎ መቀየር ይሻላል። አክስሉ ጠነከረ ብሎ አምስት ጆንያ ለሚጨምረው ወዳጃችን ግን፦ ሻንሲውም የፊት ፍሬኑም ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ ከጎሬ ወደ መቱ ደግሞ ቁልቁለት ነው።