ሳይመረምሩ መፍረድ

ሰው የሚሠራበት ዕቃ ሲበላሽበት ከምክንያቱ ይልቅ ጥፋተኛውን ለመፈለግ ይቸኩላል። ይህ ልማድ በሰው ላይ ሲሆን ጠብን ያመጣል፤ በሥራ መሣሪያ ላይ ሲሆን ደግሞ ኪሣራን ያስከትላል። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝም በምሠራበት መሥሪያ ቤት በዐይኔ ያየሁት ነገር ነው።

የአንድ ወጣት ባልደረባዬ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር እስከ ዓርብ ድረስ ደኅና ሲሠራ ቆይቶ ሰኞ ከሰዓት በኋላ በድንገት ተንቀራፈፈ። ፊደል ሲነካ ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ እስኪታይ ድረስ ይጠብቅ ነበር። በዙሪያው የተሰበሰብነው ሁሉ ፈራጆች ሆንን። አንዱ «አርጅቷል» አለ፤ ሌላው «ቫይረስ ነው» አለ፤ በመጨረሻም «ፎርማት ይደረግ» ተባለና ተደረገ። ባልደረባዬ የሁለት ዓመት ጥናቱን ያኖረው በዚያው ዲስክ ላይ ብቻ ስለ ነበረ ሥራው ሁሉ ጠፋ። ኮምፒዩተሩም ማክሰኞ ጧት ሲፈጥን አርፍዶ ከሰዓት በኋላ እንደ ትናንቱ ዘገየ።

የሚያሳዝነው ምክንያቱ በኋላ ሲገኝ ነው። ቅዳሜ ቢሮው ሲጸዳ ኮምፒዩተሩ ከጠረጴዛው ላይ ወርዶ ከሥር፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። የአየር መውጫው ተዘግቷል፤ ማቀዝቀዣው ፋንም የብዙ ጊዜ አቧራ ለብሷል። ፕሮሰሰር እጅግ ሲግል ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በጧት ቀዝቃዛ ሳለ ይፈጥናል፤ ውሎ ሲግል ግን ይደክማል። አንድ ሰው ብቻ «ከዓርብ ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ባልጠፋ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን አፍሰን የምንለቅመውም አጣን።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው አስቀድሞ ሥራውን ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ወደ ፍላሽ ይገልብጥ። ከዚያ በኋላ የዘገየው ኮምፒዩተሩ ነው ወይስ ኢንተርኔቱ ብሎ ይለይ። በዲስኩ ላይ ያለ ጽሑፍ ቶሎ ተከፍቶ ድረ ገጽ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ችግሩ ምናልባት ከመስመሩ ነው። የሚንቀራፈፈው ገመድ አልባው ማውስ ብቻ ከሆነም ባትሪውን መለወጥ ይበቃ ይሆናል።

ቀጥሎ ኮምፒዩተሩን ሪስታርት ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ማጥፋትና ሪስታርት ማድረግ አንድ ይመስለዋል። ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ፈጣን አነሣሥ የተባለው ዘዴ እየሠራ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ የሥርዓቱን ሁኔታ በከፊል በዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲበራ መልሶ ያነሣዋል። ሪስታርት ግን ሁሉን ከአዲስ ያስጀምራል።

ይህ ካልረዳ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ቢጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። በዚያ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ ምን ያህል እንደ ተያዙ በመቶኛ ይታያል፤ የትኛው ፕሮግራም እንደሚበላቸውም ይታወቃል። ራሙ ሞልቶ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፤ ዲስክ ደግሞ ከራም እጅግ የዘገየ ስለሆነ ሁሉ ነገር ይጓተታል። መድኃኒቱ የማያስፈልጉትን ገጾችና ፕሮግራሞች መዝጋት ነው። ምንም ሳይከፈት ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዞ ቢታይ ምናልባት ዊንዶውስ ራሱን እያሻሻለ ወይም አንቲቫይረሱ እየመረመረ ይሆናልና ጥቂት መታገሥ ይገባል። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ እንደ ሆነም ማየት ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከረው የቀድሞው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ግን የመሞቻው ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሥራን ለማዳን መፍጠን ያስፈልጋል።

ክዳኑን ከፍቶ አቧራ የሚያጸዳ ሰው አስቀድሞ ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ይንቀል፤ አየር ሲነፋም ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቱ ይያዘው። ከሁሉም በላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ኮምፒዩተሩ ቢድን እንኳ ያዳነው ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ችግሩ ሲመለስም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ባለሙያ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በሽተኛ ወደ ሐኪም ሲሄድ የት እንዳመመውና ከመቼ ጀምሮ እንዳመመው መናገር አለበት። «ዝም ብሎ ዘገየ» የተባለ ጠጋኝ ሁሉን አጥፍቶ ከአዲስ ከመጫን ሌላ መንገድ ላይታየው ይችላል። «ከሰኞ ጀምሮ፣ ከሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ቦታው ከተለወጠ ወዲህ» የተባለው ግን ወደ ምክንያቱ በቀጥታ ይደርሳል።

እናንተ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፣ ነገ የሰው ጉዳይ በጠረጴዛችሁ ላይ ይቀርባል። ባለጉዳይ ሲያጉረመርም፣ ሠራተኛ ሲዳከም፣ ሥራ ሲጓተት «ይባረር፣ ይፍረስ፣ ከአዲስ ይጀመር» ማለት ቀላል ነው። ኮምፒዩተር ላይ ሳይመረምር የሚፈርድ ሰው በሰው ላይም ይህንኑ እንዳያደርግ ያሠጋል። ስለዚህ «ምን ተለወጠ?» የምትለዋን አጭር ጥያቄ ከፍርድ ሁሉ በፊት አስቀድሙ። ባልደረባዬ ዛሬ ጥናቱን ከመጀመሪያው ገጽ እንደ ገና እየጻፈ ነው።