ፖርቶመጋላ ስላስበየድን የሞተሩ ዋስትና ይቅር?

ሁልጊዜ የማወራችሁ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ ነው። ዛሬ ግን ጉዳያችን ማሽን ነው። አኩሪ አተሩና በቆሎው ተሽጦ ብር እጅ ላይ ያለበት ወቅት ስለሆነ ሞተር ሳይክል፣ ባጃጅ፣ ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተርና የውሃ ፓምፕ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። በማህበር ተደራጅቶ በብድር ትራክተር ወይም መውቂያ ማሽን ለመግዛት የሚያስብም አለ። ታዲያ አዲሱ ማሽን ከሱቅ እንደወጣ መጀመሪያ የት ይሄዳል? ማሳ እንዳትሉኝ፤ በያጅ ጋ ነው የሚሄደው።

ሞተሩ ላይ ማዳበሪያ የሚችል ፖርቶመጋላ ይበየዳል። ባጃጁ ላይ ባሌስትራ ይጨመራል፣ መብራት ይቀጠላል፣ ድምፅ ማጉያ ይገጠማል። የፓምፑ ሞተር ተፈትቶ በቺንጋ ከመፈልፈያ ጋር ይገናኛል። ይህን የሚያደርግ ገበሬ ሞኝ አይደለም። ማሽኑ የተሠራው አስፋልት ታስቦ ነው፤ እኛ ደግሞ ከቀበሌ ወደ ድባጤ ከተማ፣ ከድባጤ ወደ ቡለን ወይም ወደ ቻግኒ በክረምት ጭቃና በበጋ አቧራ ነው የምንነዳው። ችግር ያስተማረው ማሻሻያ ነው።

ጉዱ የሚመጣው ማሽኑ ሲበላሽ ነው። በሦስተኛው ወር ሞተሩ አልነሳ ይላል። ባለቤቱ የዋስትና ወረቀቱን ይዞ ሻጩ ጋ ይሄዳል። ሻጩ ዞር ዞር ብሎ ያይና ብየዳውን ሲያገኝ «ነክታችሁታል፤ ዋስትናው ቀርቷል» ይላል። ገበሬውም «እውነትም ነክቼዋለሁ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ብድሩ ግን አይመለስም፤ ወለዱም አይቆምም።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ማሽኑ ላይ አንድ ነገር ስለተጨመረ ብቻ ዋስትናው ሙሉ በሙሉ ሊቀር አይገባም። ሻጩ እንዲመልስ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ የተበላሸውን ነገር ያበላሸው የጨመርነው ነገር ነው ወይስ አይደለም?

በምሳሌ እንየው። ከኋላ ፖርቶመጋላ ያስበየደ ሰው የሞተሩ ካምቢዮ ውስጥ ጥርስ ቢሰበርበት ፖርቶመጋላው ከዚያ ጋር ምን አገናኘው? ሻጩ ግንኙነቱን በግልጽ ማስረዳት ካልቻለ መጠገን አለበት። ያው ሰው በዚያው ፖርቶመጋላ ላይ ሁለት ኩንታል ጭኖ የኋላው ሾክ ቢሰበር ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው ክብደት በላይ ጭኖ «ሾኩ ደካማ ነበር» ማለት አይቻልም። ሽቦ ቆርጦ ተጨማሪ መብራት ያስገባ ሰው የኤሌክትሪክ መስመሩ ቢቃጠል ጥፋቱ ወደ ራሱ ይመጣል፤ የፍሬን ሲሊንደሩ ቢያፈስ ግን መብራቱ ምንም አያገባውም። አየር እንዲያገኝ ብሎ ፊልትሮውን አውጥቶ የጣለ ሰው ፒስተኑ በአቧራ ቢበላ ማንንም መክሰስ የለበትም። እዚህ ላይ «በቅሎዋ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» የሚለው ተረት በትክክል ይሠራል።

ሕጉስ ምን ይላል? ሁለት ሕጎችን ማወቅ ይጠቅማችኋል።

የመጀመሪያው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ይላል፤ የዋስትና ወረቀት ባይሰጥም እንኳ። ይህ ዋስትና የሚሸፍነው ዕቃውን ስትረከቡ የነበረ ጉድለትን ነው። ግዴታችሁም አለ፤ ዕቃውን እንደተረከባችሁ መመርመር፣ ጉድለት ስታገኙ ሳትዘገዩ ለሻጩ ማሳወቅ። «ከአጨዳ በኋላ እሄዳለሁ» ብሎ ሦስት ወር ማቆየት መብትን ያሳጣል። ደግሞም በሕጉ መሠረት ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው፤ ስለዚህ የፈረማችሁት ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ ሳታስነብቡ አትፈርሙ።

ሁለተኛው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የገዛው ዕቃ ጉድለት ያገኘበት ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። በሽያጭ ጊዜ የገባውን የዋስትና ግዴታ አለመወጣትም አዋጁ ከከለከላቸው ተግባራት አንዱ ነው። ስለዚህ ዋስትና ሻጭ ደስ ሲለው የሚሰጠው ምርቃት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አዋጁ «ሸማች» የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ግለሰብ ነው። ለቤት አገልግሎት ሞተር የገዛ ሰው ሸማች ነው። ባጃጅ ለትራንስፖርት ሥራ የገዛ ወጣት ወይም ትራክተር የገዛ ማህበር ግን «እናንተ ነጋዴ ናችሁ» የሚል ክርክር ሊመጣባቸው ይችላል። ያኔ የምትይዙት የፍትሐ ብሔር ሕጉንና ውላችሁን ነው። ለዚህ ነው ማህበራት የዋስትናውን ነገር በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጨርሱ የምለው።

ይህ የማሻሻያና የዋስትና ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1975 ባወጡት የዋስትና ሕግ አምራቹ «የእኔን መለዋወጫ ብቻ ካልገጠማችሁ፣ የእኔ ጋራዥ ብቻ ካልሄዳችሁ ዋስትና የለም» ብሎ ገዢውን ማስገደድ እንዳይችል አድርገዋል፤ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነፃ ካልሰጠ በቀር። ከሌላ ቦታ የተገዛው መለዋወጫ ጉዳቱን ካደረሰ ደግሞ አምራቹ ያንን ጉዳት አልሸፍንም ማለት ይችላል። እዚያም ቢሆን ገበሬው አላረፈም። ጆን ዲር የተባለው ትልቁ የትራክተር አምራች ትራክተሮቹን በኮምፒውተር ስለቆለፋቸው ገበሬዎች በራሳቸው መጠገን አቅቷቸው ለዓመታት ተሟግተዋል። የኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በ2023 ገበሬው የእርሻ መሣሪያውን ራሱ ወይም በመረጠው ባለሙያ የመጠገን መብት የሚሰጥ ሕግ አውጥቷል። የእነሱ ሕግ እኛን አይገዛንም። ሐሳቡ ግን ለእኛም ይሆናል፤ ማሽኑን የገዛው ሰው ባለቤቱ ነው፣ ሻጩም የሚጠየቀው በሸጠው ነገር ጉድለት ነው።

የሻጩንም ወገን እንስማ። «እኛ የሸጥነው ሰው እንዲጭን ነው፤ እነሱ ግንድ ይጭኑበታል» ይላሉ። እውነት አላቸው። በየመንገዱ በጀሪካንና በሀይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ ገብቶበት ካርቡራተር ሲደፍን ተጠያቂው አስመጪው አይደለም። ዘይት በጊዜው ሳይቀየር ሞተር ቢነክስም እንደዚያው። እኛ ራሳችን ያጠፋነውን ሁሉ በዋስትና ስም ካመጣን ለእውነተኛው ጥያቄያችን ጆሮ የሚሰጥ አይኖርም።

ነገር ግን ሻጮችም የማይመች ነገር አላቸው። «ሰርቪስ የሚደረገው እኛ ጋ ብቻ ነው» ይላሉ፤ «እኛ ጋ» ማለት ግን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ነው። ለመጀመሪያ ዘይት ቅየራ ከድባጤ ባሕር ዳር ሞተር ጭኖ የሚሄድ ሰው አለ? የትራንስፖርቱ ዋጋ ከዘይቱ ይበልጣል። መተከል ውስጥ ዕቃ ለመሸጥ የሚመጣ ድርጅት ወይ ግልገል በለስ ላይ የሚሠራ መካኒክ ይወክል፣ ወይ በአካባቢው ጋራዥ በደረሰኝ የተደረገ ሰርቪስ ይቀበል። ሁለቱንም እንቢ ካለ የሰጠው ዋስትና በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው፤ ገዢው ሊጠቀምበት አይችልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከመግዛታችሁ በፊት፦ የዋስትናው ወረቀት በአማርኛ ይኑር፤ ከሌለ ሻጩ ቁጭ ብሎ ይተርጉምላችሁ፣ ማንበብ የሚችል ልጅም አብሮ ይስማ። አራት ነገር ጠይቁ። ለስንት ወር ወይም ለስንት ኪሎ ሜትር ነው? የትኛውን ክፍል ይሸፍናል? ሰርቪስ የት ነው የሚደረገው? ምን ብጨምር ነው ዋስትናው የሚቀረው? የመጨረሻው ጥያቄ ትልቁ ነው። ፖርቶመጋላ ማስበየድ እንደምትፈልጉ ያኔውኑ ተናገሩና «ፖርቶመጋላ ቢገጠምም ከእሱ ጋር ግንኙነት የሌለው ብልሽት በዋስትናው ይሸፈናል» የሚል አንድ መስመር አስጽፉ፣ አስፈርሙ፣ ማህተም አስደርጉ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሻጭ ብዙ ነገር ይስማማል፤ ከከፈላችሁ በኋላ ግን ስልክም አያነሳም።

ደረሰኙ ላይ የሞተር ቁጥሩና የሻንሲ ቁጥሩ ይጻፍ። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስላችሁ» የሚላችሁን አትስሙ። የሚቀንስላችሁ ብር ትንሽ ነው፤ የምታጡት ማስረጃ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንባችሁ።

ከማስበየዳችሁ በፊት፦ ካልቸገራችሁ ዋስትናው እስኪያልቅ ጠብቁ። ከቸገራችሁ በብሎን የሚታሰር ፖርቶመጋላ ከብየዳ ይሻላል፤ ፈትቶ ማሳየት ይቻላል። ማብየድ ግድ ከሆነ የባትሪው ገመድ መጀመሪያ ይነቀል፤ የብየዳ ኤሌክትሪክ የማሽኑን መቆጣጠሪያ ሊያቃጥል ይችላል። ዋናውን ሻንሲ አትብሱ፣ የፋብሪካውን ሽቦ አትቁረጡ። ስልካችሁ ደግሞ ለዚህም ይሥራ፤ ከብየዳው በፊትና በኋላ ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ። ሰርቪስ ባደረጋችሁ ቁጥር የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንና ደረሰኙን አብራችሁ አንሱ። ታርጋ ያለው ተሽከርካሪ ላይ የሞተር፣ የሻንሲ ወይም የአካል ለውጥ ካደረጋችሁ ደግሞ የቦሎ ምርመራ ላይ ጥያቄ ይነሳል፤ ኢንሹራንስም አደጋ ሲደርስ ይጠይቃል። ስለዚህ አስቀድማችሁ መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትንና ኢንሹራንሱን ጠይቁ።

ሲበላሽ፦ አትፍቱት፣ አታስፈቱት። የቀበሌ መካኒክ ከፈታው በኋላ ማን እንዳበላሸው ማወቅ አይቻልም። ዕለቱን ለሻጩ ደውሉ፤ በዚያው ቀን የብልሽቱን ዓይነትና ቀኑን በጽሑፍ መልእክት ላኩ። የስልክ ወሬ ይረሳል፣ የተጻፈ ግን ይቀመጣል። «ነክታችሁታል» ካሏችሁ ሳትጣሉ «የነካነው ነገር ይህን ብልሽት እንዴት እንዳመጣ በጽሑፍ ስጡን» በሏቸው። እንቢ ካሉ ደረሰኙን፣ ፎቶውንና መልእክቱን ይዛችሁ ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ፤ እዚያ ካልተፈታ ፍርድ ቤት አለ።

ሌላም አዲስ ነገር እየመጣ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባለ ሦስት እግርም በየከተማው እየበዛ ነው። የእነዚህ ዋጋ ትልቁ ክፍል ባትሪው ነው። ባትሪ ከፍቶ ሴል መጨመር፣ ከሶላር ጋር በራስ ሽቦ ማገናኘት የመሳሰለው ከፖርቶመጋላ ጋር አይወዳደርም፤ ለሕይወትም አደገኛ ነው፣ ዋስትናውንም በትክክለኛ ምክንያት ያሳጣል። ባትሪውን ሳትነኩ የባትሪውን ዋስትና ለብቻው አስጽፉ።

በመጨረሻ ለኅብረት ሥራ ማህበራትና ለዩኒየኖቻችን አንድ ቃል አለኝ። አንድ ገበሬ አንድ ሞተር ሲገዛ ሻጩ የሚለውን ተቀብሎ ይወጣል። ሃያ ፓምፕ በአንድ ላይ የሚገዛ ማህበር ግን የመደራደር አቅም አለው። ማዳበሪያና ዘር በጋራ እንደምናመጣው ማሽኑንም በጋራ እንግዛ፤ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዋስትናውን ቃል፣ የመለዋወጫውን አቅርቦትና የመካኒኩን ቅርበት እንደራደርበት። በያጆቻችንም ሥራቸውን በደረሰኝ ያድርጉ፤ ምን እንደበየዱና የት እንደበየዱ ይጻፉ። ያ ወረቀት ለገበሬውም ለበያጁም መከላከያ ነው።

ይህን ለጎረቤት አንብቡላቸው፤ በተለይ በዚህ ሳምንት ሞተር ሊገዛ ብር ለቋጠረ። መልካም የበጋ ሥራ።