ግድብ ከተመረቀ በኋላ ስለሚያስፈልገው ጥበቃ

የዓባይ ወንዝ ከጣና ባሕር በሚወጣበት ስፍራ፤ በባሕር ዳር ከተማ አጠገብ፤ ጨረጨራ የሚባል ግድብ መኖሩ የታወቀ ነው። በ1988 ዓ.ም. በሁለት በሮች ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት ተጨምረውለት ሰባት ሆኑ። ቁመቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን የጣናን ውኃ ከባሕር ወለል በላይ በ1784 እና በ1787 ሜትር መካከል እንዲጠብቅ የታሰበው እርሱ ስለ ሆነ፤ ከበላዩ ያለው የባሕሩ ዳር ገበሬ፤ ከበታቹም ያለው የሰባታሚትና የጢስ ዓባይ ሰው፤ ሁሉም የእነዚህን በሮች መከፈትና መዘጋት እያየ ይኖራል።

በሰኔ 1995 ዓ.ም. ዝናቡ አንሶ፤ ለኤሌክትሪክም ብዙ ውኃ ተለቆ ስለ ነበረ፤ ጣና ጐደለና መርከቦች መሄድ ተሳናቸው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ወንዞች ሞልተው የፎገራንና የደንቢያን ሜዳ ጐርፍ አለበሰው። ይህ ሁሉ የበር ጠባቂ ጥፋት ነው አንልም፤ ሰማይን የሚያዝ ሹም የለምና። ዳሩ ግን በሩ መቼና በማን ትእዛዝ እንደሚከፈት ከበታች ያለው ሕዝብ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ ደንግጓል። መልካም ነው። ፈቃድ ግን የሥራውን መጀመሪያ ይጠብቃል፤ ግድብ የሚያረጀው ከተመረቀ በኋላ ነው። በጳጉሜን 2015 ዓ.ም. በሊቢያ በደርና ከተማ ሁለት ያረጁ ግድቦች በአንድ ሌሊት ፈርሰው በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። በ2016 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በ12 ሹማምንት ላይ ከ9 እስከ 27 ዓመት እስራት ፈረደ፤ የሞተውን ግን ፍርዱ አላስነሣውም። ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ማዘዙን ካህናቱ ያውቃሉ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ነውና፤ ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። ውኃውን ለኤሌክትሪክ የሚፈልገው መሥሪያ ቤት የግድቡም መርማሪ ቢሆን፤ ባለጉዳዩና ዳኛው አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው። መርማሪው ሌላ ይሁን፤ የምርመራውም መዝገብ በየዓመቱ ይጻፍ። በጨረጨራም ክረምት ሳይገባ፤ በሩ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት ለሰባታሚት ሰው የሚያስታውቀው ሹም ማን እንደ ሆነ በጽሑፍ ይወሰን።