ቀለም ኩላሊት አይለካም

አንድ ኢትዮጵያዊ እናስብ። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ይነዳል፤ ኩላሊቱ ተዳክሟል። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2015 ነው። ደሙ ተመርምሮ የኩላሊቱ የማጣራት አቅም ሲሰላ 18 ይመጣል። በአሜሪካ ይህ ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ታካሚው ለንቅለ ተከላ ወረፋ መያዝ ይችላል፤ የሚጠብቅበት ጊዜም ከዚያው ይቆጠርለታል። ስሌቱ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ቅጹ ላይ "ጥቁር" የሚለው ሳጥን ምልክት ስለተደረገበት ውጤቱ በ1.159 ይባዛል። 18 የነበረው ወደ 21 ይጠጋል። ኩላሊቱ ያው ኩላሊት ነው፤ ወረቀቱ ግን "ገና ነህ" ይለዋል።

ሰውየው ምሳሌ ነው፤ ስሌቱ ግን ምሳሌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2009 የወጡት ሁለት ቀመሮች በአሜሪካ ሆስፒታሎች ለዓመታት ሲሠሩ የኖሩት በዚህ መንገድ ነው። የጥቁር ታካሚዎችን ውጤት ከ16 እስከ 21 በመቶ ከፍ ያደርጉ ነበር።

ምክንያቱ ምን ነበር? ቀመሩ የሚነሳው በደም ውስጥ ካለው ክሪያቲኒን ነው፤ ከጡንቻ የሚመነጭና ኩላሊት የሚያስወግደው ነገር ነው። በጥናቶቹ ውስጥ "ጥቁር" ተብለው የተመዘገቡ ተሳታፊዎች፣ ኩላሊታቸው እኩል እየሠራም፣ በአማካይ ከፍ ያለ ክሪያቲኒን ተገኘባቸው። "ጥቁሮች ጡንቻቸው ይበዛል" የሚል ማብራሪያ ተሰጠው። የእያንዳንዱን ታካሚ ጡንቻ ግን ማንም አልለካም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይህንን።

ከሁሉ የሚገርመው ሳጥኑ ራሱ ነው። የአላባማ ገበሬ የልጅ ልጅ፣ የሌጎስ ነጋዴ፣ የኪንግስተን መምህርና የጎንደር ልጅ በአንድ ሳጥን ይገባሉ። በሰው ልጅ የዘር ውርስ ልዩነት ከየትኛውም አህጉር የምትበልጠው አፍሪካ መሆኗ ደግሞ የታወቀ ነው። ጎንደሬው አገሩ ሳለ ይህ ሳጥን አያስፈልገውም ነበር፤ አውሮፕላን ስለተሳፈረ የኩላሊቱ ቁጥር ይለወጣል ማለት ነው።

"እንግዲያው የሰው ትውልድ ለሕክምና ምንም አይጠቅምም?" የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ይጠቅማል። ማስረጃው ከኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ለሳልና ለሕመም ይሰጥ የነበረው ኮዴይን ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይቀየራል። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ዘረ መሉ የተደጋገመበት ሰው ዘንድ እጅግ ይፈጥናል፤ የተለመደው መጠን ትንፋሽን እስከ ማዳከም ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ይህን ድግግሞሽ በ29 በመቶ ኢትዮጵያውያን ላይ አገኘ። በስዊድናውያን ዘንድ ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ በሳዑዲዎች ዘንድ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ነው። የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ኮዴይንን አግዷል።

ይህን እውቀት "ጥቁር" የሚለው ሳጥን አያሳይም፤ እንዲያውም ይደብቀዋል። በዚህ ዘረ መል ኢትዮጵያዊው ለሳዑዲው እንጂ ለስዊድናዊው አይቀርብም፤ የቆዳ ቀለም ደግሞ ይህን አይናገርም። ሌላም አለ፦ 71 በመቶው ኢትዮጵያዊ ድግግሞሹ የለበትም። ስለዚህ "ኢትዮጵያዊ" የሚለው ስም እንኳ ሐኪሙን "መርምር" ብሎ ያስጠነቅቀው ይሆናል እንጂ ምርመራውን አይተካም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለጥያቄ መነሻ ማድረግ ሕክምና ነው፤ መልስ ማድረግ ግን ግምት ነው።

ቀመሩን ያወጡት ሐኪሞች ክፋት አስበው ነበር ማለት አይደለም። ማባዣው ይነሳ ሲባልም የተነሳው ስጋት ባዶ አልነበረም፦ ጤነኛው ታማሚ ይባላል፣ የመድኃኒት መጠን ይዛባል የሚል ነበር። ለዚህም ነው ማባዣውን ሰርዞ ብቻ መተው ያልተመረጠው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለቱ የአገሪቱ ዋና የኩላሊት ማኅበራት ያቋቋሙት ግብረ ኃይል፣ ዘር የሌለበት አዲስ ቀመር ሥራ ላይ እንዲውል፣ ቁርጥ ያለ ውጤት ሲያስፈልግም ሲስታቲን ሲ የተባለው ሌላ የደም ምርመራ እንዲታከል መከረ።

በ2022 የንቅለ ተከላ ወረፋውን የሚመራው አካል የድሮውን ስሌት ከለከለ። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮም የንቅለ ተከላ ማዕከላት የጥቁር ታካሚዎቻቸውን መዝገብ ወደኋላ ሄደው እንዲመረምሩ ታዘዙ። በ2024 ከ14,000 በላይ ሰዎች የተነጠቁት ጊዜ ተመልሶላቸው ነበር፤ በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ። በኩላሊት እጥበት ለሚኖር ሰው ሁለት ዓመት ምን እንደሆነ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ የሚቀመጥ ያውቀዋል። በመሀል ለሞተው ግን የሚመለስ ወረፋ የለም።

እንግዲህ "ጥቁር" የሚለው ሳጥን ከቅጹ ይጥፋ? አይጥፋ። ማን ዘግይቶ እንደታከመ፣ ማን ወረፋ ላይ እንደቀረ የሚታወቀው በእሱ ነው። አድልዎን ለመቁጠር ይሁን እንጂ የደምን ቁጥር ለማባዛት አይሁን።

በአሜሪካ ከ2023 በፊት ወረፋ የያዘ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ጥያቄ ለማዕከሉ ቢያቀርብ አይጎዳም፦ "የጥበቃ ጊዜው በአዲሱ ስሌት ታይቷል ወይ?" አንድ ስልክ ነው፤ ዓመታት ሊያስመልስ ይችላል።