ድፍረቱን አደነቅን፤ ፊልሙንስ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በስልኩ የሠራትን አጭር ፊልም በቴሌግራም ላከልኝ። ከፊልሙ በፊት ግን መልእክቱ ቀደመ፦ «ቲቸር፣ ያለ ፈቃድ ነው የቀረጽነው፤ ጥበቃዎቹ ሁለቴ አባረውናል!» ፊልሙን አየሁት፤ እስካሁን ግን አልመለስኩለትም። መልሴ ለሌሎቻችሁም ይጠቅም ይሆናል ብዬ እዚህ ልጻፈው።

«ኢስኬፕ ፍሮም ቱሞሮው» የሚለውን ፊልም ክፍል ውስጥ አንስተን እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ራንዲ ሙር የሚባል አሜሪካዊ የመጀመሪያ ፊልሙን የሠራው ፍሎሪዳና ካሊፎርኒያ ባሉት የዲዝኒ መዝናኛ ፓርኮች ውስጥ ተደብቆ ነው። ተዋንያኑ እንደማንኛውም ጎብኚ በበሩ ይገባሉ። ካሜራው ቱሪስት አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ዓይነት የፎቶ ካሜራ ነው። ስክሪፕቱን የሚያነቡት ከስልክ ላይ ነው። መብራት መትከል ስለማይታሰብ፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት የት እንደምትሆን አስቀድመው አስልተዋል። ዲዝኒ ወሬው እንዳይደርሰው ደግሞ ኤዲቲንጉ ደቡብ ኮሪያ ተሠራ።

በጃንዋሪ 2013 ሰንዳንስ ላይ ሲታይ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፦ ዲዝኒ ይከሳል ወይስ አይከስም? አልከሰሰም። ዝም አለ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ፊልሙ ሲኒማ ቤት ገባ። ክሱ ሲቀር ወሬውም በረደ፤ ሃያሲዎቹም በመጨረሻ ፊልሙን ራሱን ለማየት ተገደዱ። ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ «ማን እንዲህ ደፍሮ ያውቃል?» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ጅማሬው ያጓጓል፣ ከዚያ ግን ይዝረከረካል፤ ከወሬው በቀር ምንም የለውም» አለ።

እኔ በሁለቱም አልስማማም። አንዱ ለድፍረት ማርክ ሰጠ፣ ሌላው ድፍረቱ ያወራለትን ያህል ስላላገኘ ተናደደ። ድፍረቱ የቱ ጋ ሥራ እንደሠራ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

እስቲ ታሪኩን እንየው። ጂም የሚባል አባወራ በእረፍታቸው የመጨረሻ ቀን ጠዋት ከሥራ መባረሩን በስልክ ይሰማል። ለሚስቱ አይነግራትም። ልጆቹን ይዞ፣ ሰው ሁሉ ደስ ሊለው ግድ ወደሆነበት ቦታ ይወጣል። ዙሪያውን የሚስቁት ሰዎች ተዋንያን አይደሉም፤ ገንዘባቸውን ከፍለው የመጡ እውነተኛ ጎብኚዎች ናቸው። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሐል የጂም ፊት ብቻ ይጠቁራል። ይህን የትኛውም ስቱዲዮ ሊሠራው አይችልም፤ ተደብቆ መቅረጹ የታሪኩ አካል የሆነው እዚህ ጋ ነው። ታሪኩ ከትልቁ ሉል ሥር ወዳለው ምስጢራዊ ላቦራቶሪ ሲወርድ ግን ምንም ነገር መፍጠር ይቻላል፤ ስለሚቻልም ፊልሙ ይላላል። ሁለቱን ልጃገረዶች እየተከተለ የሚያባክነው ጊዜም ቢቀር አይጎድልም ነበር።

እና ልጄ፣ መልሴ ይኸውልህ። ጥበቃዎቹ ሁለቴ እንዳባረሩህ ተመልካች አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ፊልምህ ውስጥ ግን አንዲት ሻይ ሻጭ ካሜራውን ሳታይ ከልቧ የምትስቅባት ጥቂት ሰከንድ አለች። ያለ ፈቃድ የመቅረጽህ ዋጋ የተከፈለው እዚያ ላይ ነው። የቀረውን ሳትሳሳ ቁረጠው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲዝኒ ግዙፍ ኩባንያ ነው፣ ለራሱ አያንስም። ሻይ ሻጯ ግን ጠበቃ የላትም። ስለዚህ ከእኔም ሆነ ከፌስቲቫሉ በፊት እሷ ትየው። እሺ ካለች ልቀቀው፤ እምቢ ካለች ያቺን ሳቅ አውጣት። የቱንም ያህል ብትቆጭህ!

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ካሜራ ይዛችሁ የምትዞሩት፣ እስቲ ሐሳባችሁን ጻፉልኝ።