ቆረቆር የእናት ነውር አይደለም

ሰሞኑን ከድሬዳዋ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐርላ ከአንዲት እናት ጋር ተገናኘሁ። ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጇ በዚያ ሙቀት የሹራብ ቆብ ደፍቷል። ምነው ብዬ ብጠይቃት ቆቡን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። የልጁ ራስ ሳንቲም ሳንቲም በሚያህል ቦታ ፀጉሩ ረግፎ፣ ቅርፊት ይዟል። «ልጇን አታጥብም ይሉኛል ብዬ ከትምህርት ቤትም አስቀርቼዋለሁ» አለችኝ አንገቷን ደፍታ። የዛሬውን ጽሑፍ ያጻፈችኝ እርሷ ናት።

እህቶቼ! ቆረቆርን የሚያመጣው ፈንገስ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋሲ ነው። የሚመገበውም ፀጉር፣ ጥፍርና የላይኛው ቆዳ የተሠሩበትን ጠንካራ ነገር ነው። ሙቀትና እርጥበት ይስማማዋል። ከልጅ ወደ ልጅ በማበጠሪያ፣ በቆብ፣ በፎጣ፣ በትራስና በፀጉር መላጫ ይተላለፋል። አንዳንዱም ዓይነት ከድመት፣ ከውሻና ከጥጃ ይመጣል። ስለዚህ በየቀኑ የሚታጠብ ልጅም ሊይዘው ይችላል። በሽታ እንጂ ነውር አይደለም።

ይኸው ተሕዋሲ በገላ ላይ ሲወጣ ጭርት እንለዋለን፤ ዙሪያው ቀላ ወይም ጠቆር ብሎ መሐሉ የሚጠራ፣ የሚያሳክክ ክብ ነው። በእግር ጣቶች መሐል ሲገባ ቆዳውን ያነጣዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ጥፍር ሲይዝ ያወፍረዋል፣ ቢጫ ያደርገዋል፣ ያፈራርሰዋል። በደረትና በጀርባ የሚበተነው ቋቁቻ ግን የተለየ ነው። እርሱ በማንኛውም ሰው ቆዳ ላይ ከሚኖር ፈንገስ የሚመጣ በመሆኑ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ከታከመም በኋላ የቆዳው መልክ እስኪመለስ ወራት ይፈጃልና መድኃኒቱ አልሠራም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ እናቶች ለቆረቆር ቅባት ገዝተው ይቀባሉ፤ ለውጥ ሲያጡም «እድሉ ነው» ብለው ይተዋሉ። የራስ ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም! ተሕዋሲው የሚቀመጠው በፀጉሩ ሥር ስለሆነ ቅባት አይደርስበትም። የሚያድነው ሐኪም የሚያዘው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ግሪዜኦፉልቪን የሚባለው ለልጁ በክብደቱ ልክ ተመጥኖ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይሰጣል። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሠራል። ፀጉሩ ብቅ ብቅ አለ ብሎ ማቋረጥ በሽታውን መልሶ ይጠራል። ይህ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

እ.ኤ.አ. በ1958 ይህ መድኃኒት በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት በአንዳንድ አገሮች የልጆች ፀጉር በራጅ ጨረር ይረገፍ ነበር፤ ከእነዚያም ልጆች አንዳንዶቹ ካደጉ በኋላ በጭንቅላት ዕጢ ታመዋል። ዛሬ ግን ልጁን የሚያድነው የሚዋጥ መድኃኒት ነው።

ቆረቆሩ አብጦ፣ ልስልስ ብሎ መግል ከያዘ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። እባጭ መስሏችሁ አታፍርጡት፤ ከዘገየ ጠባሳ ጥሎ ፀጉሩ እስከ ወዲያኛው ላይበቅል ይችላል።

ለጭርት ነጭ ሽንኩርት ወይም ቤንዚን መቀባትም ቆዳን ያቃጥላል እንጂ አያድንም። ጎረቤት የሰጠቻችሁን ቅባት ሁሉ አትቀቡ። እንደ ቤታሜታዞን ያሉ ቅባቶች ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሳሉ፤ ፈንገሱን ግን ደብቀው ያስፋፉታል። ለጭርትና ለእግር ጣት እንደ ክሎትሪማዞል ያለው ቅባት፣ ቁስሉ ከጠፋም በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ሳይቋረጥ ይቀባል።

በቤት ውስጥ አንድ ልጅ ከታመመ የወንድም የእህቶቹንም ራስ ፈትሹ። ማበጠሪያ፣ ሻሽና ፎጣ ለየብቻ ይሁን። ፀጉር ቤት ስትወስዱት መላጫው መጽዳቱን ጠይቁ፤ ምላጭማ አዲስ ካልሆነ አይነካው።

በፋብሪካና በሱቅ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ የምትውሉ ሠራተኞችም፣ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ካልሲያችሁን በየቀኑ ቀይሩ፣ የጣቶቻችሁን መሐል አድርቁ፣ የረጠበ ጫማ ሳይደርቅ አታድርጉ። ፈንገስ እየተመላለሰ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ደግሞ የስኳር ምርመራ አድርጉ።

ለዚያች እናት ይህንኑ ነገርኳት። ሕክምና የጀመረ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ እንደሚችል ስነግራት ፊቷ በራ። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ልትወስደው ተስማማን። እናንተም እንደ እርሷ ልጃችሁን ቆብ አድርጋችሁ ቤት ያስቀራችሁ ካላችሁ፣ ሳምንት ሳትሞላ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ልጁ ከፊደሉ የሚቀርበት ምክንያት የለም።